የላላ መሪ፦ ከማጥበቅ በፊት መፈለግ (የካርማን ጊያ ማስታወሻ ከጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው የፍሬኑን ስራ ስጽፍ ቀጣዩ መሪው ነው ብያችሁ ነበር። አሁን ዋናው ክፍል አልቋል። ቮልስ ያላችሁም አንብቡት። መኪናዋ በመልክ ካርማን ጊያ ትሁን እንጂ ከስር ያው ቮልስ ናት።

ለማታውቋት፣ ካርማን ጊያ እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1974 የተመረተች ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና ናት። ንድፏ የጣሊያኑ የጊያ ቤት ነው። አካሏን የሰራው ጀርመን ኦስናብሩክ ያለው የካርማን ፋብሪካ ነው። ሞተሯና ሻንሲዋ ደግሞ የቮልስዋገን ነው። እዚህ ጅማ ሆኖ እንዲህ ያለ መኪና ለሚጠግን ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የመሪዋ እቃ አብዛኛው የቮልስ ስለሆነ፣ ከተማችን ላይ ቢጠፋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ ይገኛል።

ችግሩ ይህ ነበር። ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ መሪው ግራና ቀኝ ባዶውን ይሄዳል፣ ጎማው አይሰማውም። ኮብልስቶን ላይ ስገባ ደግሞ መሪው እንዳለ ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል፣ ከዳሽቦርዱ ስር ኳ ኳ ይላል። ከዋናው መንገድ ወደ ሰፈር ስንገባ ብዙው ድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ ድምፁ በየቀኑ ይሰማኝ ነበር። ሌላም ምልክት ነበር። ክላክሱ አንዳንዴ ይሰራል፣ መሪው ትንሽ ዞር ሲል ደግሞ ዝም ይላል። ባጃጅ በሞላበት ከተማ ያለ ክላክስ መንዳት ደግሞ አይሞከርም። ይህኛው ምልክት ከመሪው መላላት ጋር የማይገናኝ ይመስላል፤ ግን ይገናኛል፣ እመለስበታለሁ።

መሪ ላላ ሲባል ብዙ ቦታ የምትሰሙት ምክር አንድ ነው። "የመሪ ሳጥኑን ብሎን ጠበቅ አድርገው።" እውነት ነው፣ የመሪውን መዞር ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈው ይህ ሳጥን ላይ ማስተካከያ ብሎን አለ። ትንሽ ሲጠብቅ መሪው ወዲያው የዳነ ይመስላል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ሳጥኑ ከልኩ በላይ ሲጨነቅ መሪው ይከብዳል፣ ከኩርባ ስትወጡ በራሱ ወደ መሃል አይመለስም፣ ውስጡ ያለው ጥርስም ቶሎ ይበላል። የላላው እቃ ደግሞ እዚያው እንደላላ ይቀራል። ቁልፍ ከማንሳታችን በፊት የላላው የቱ ጋ እንደሆነ ማወቅ አለብን። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገሩ ይኸው ነው።

ይህን ያስያዙኝ አጂፕ አካባቢ የሚሰሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። "ጋሼ፣ ከየት ልጀምር?" ስላቸው መሳሪያ እንኳን አላነሱም።

"መሪውን ያዝና ሳታዞረው ወደ ራስህ ሳበው። ግፋው። ወደ ላይ አንሳው። ይንቀሳቀሳል?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"እሱ አንድ በሽታ ነው። አሁን ደግሞ አዙረው። ባዶውን የሚሄደው ሌላ በሽታ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አትቁጠራቸው።"

ይህች ንግግር ስራውን ለሁለት ከፈለችልኝ። መሪው ወደ ላይና ወደ ታች ከተንቀሳቀሰ ጥፋቱ የመሪውን ዘንግ ከላይ በሚይዘው ኩሽኔታ ወይም ቱቦውን ከዳሽቦርዱ ጋር በሚያስሩት ብሎኖች ላይ ነው። ሲዞር ባዶውን ከሄደ ግን ከዘንጉ ታች ጀምሮ እስከ ጎማው ድረስ ካሉት መገጣጠሚያዎች በአንዱ ላይ ነው። ሁለቱም ባንድ መኪና ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። የእኔዋ ላይ ሁለቱም ነበሩ።

የታችኛውን ለማግኘት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ጋራዡ ጉድጓድ ስላለው መኪናዋን በክሪክ አላነሳናትም፣ ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ ነው የሰራነው። ይህ ወሳኝ ነው። ጎማው አየር ላይ ከሆነ መሪው ሲነካ አብሮ ስለሚዞር ልሉ ይደበቃል። ሞተር ማስነሳትም አያስፈልግም፣ መሪዋ ያለ ሃይድሮሊክ ነው። የሚረዳኝ ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጦ መሪውን በባዶው ልክ ብቻ ቀስ እያለ ወዲህ ወዲያ ያደርጋል። እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኜ ዘንጉና ሳጥኑ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ሁለት ጣቴን አስቀመጥኩ፤ አንዱን ከላይኛው ብረት፣ አንዱን ከታችኛው። የላይኛው ጣቴ ስር እንቅስቃሴ ይሰማኛል፣ የታችኛው ጸጥ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ነው የታችኛው የሚከተለው። ዓይን የማያየውን ጣት ለየልኝ። ሁለቱ እኩል ቢንቀሳቀሱ ኖሮ በዚሁ ዘዴ ወደ ታች ነበር የምወርደው፤ ወደ ሳጥኑ፣ ከዚያ ሳጥኑ ወደሚገፋው ክንድ፣ ከዚያ ወደ ቴስቲናዎቹ (ጎማዎቹን የሚያዞሩት ዘንጎች ጫፍ ላይ ያሉት መገጣጠሚያዎች)።

ያ መገጣጠሚያ በጨርቅ የተጠናከረ የጎማ ዲስክ ነው። አራት ብሎን ያልፍበታል። ሁለቱ ከላይኛው ብረት፣ ሁለቱ ከታችኛው ጋር ያስሩታል። የመንገዱ ንዝረት በቀጥታ እጅ ላይ እንዳይመጣ የሚያደርገው እሱ ነው። ሳልቫታዮውን (የነዳጅ ታንከሩን) አውርጄ እጄ በደንብ ሲገባ የብሎኖቹ ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ አገኘሁት። ጠርዙ ላይ ክሩ ወጥቶ ይታያል። የክላክሱም ነገር እዚሁ ተፈታ። ጎማ ኤሌክትሪክ አያሻግርም። ስለዚህ ከላይኛው ብረት ወደ ታችኛው የምትዘል አጭር ሽቦ አለች። የክላክሱ መስመር የሚዘጋው በእሷ በኩል ነው። ሽቦዋ ጫፏ ላይ ተበጥሳ መሪው ሲዞር ትነካለች፣ ትላቀቃለች። ቮልስ ኖሯችሁ ክላክሱ እንዲህ የሚጫወትባችሁ ከሆነ መጀመሪያ ይህችን ሽቦ እዩ።

ወደ ላይኛው ክፍል ስሄድ መጀመሪያ ባትሪውን ፈታሁ። ካርማን ጊያ ላይ ባትሪው ከኋላ ሞተሩ ክፍል ውስጥ ነው፣ እንደ ቮልስ ከኋላ ወንበር ስር አይደለም። የክላክሱ ቁልፍ ተነቅሎ ሲወጣ ስሩ ትልቅ ዳዶ አለ፣ የእኔ በ27 ቁልፍ ይፈታል። ጎማዎቹን ቀጥ አድርጋችሁ መሪውና ዘንጉ ላይ ምልክት ጫሩ። ደግሞ ዳዶውን ጨርሳችሁ አታውጡት፤ ሁለት ሦስት ጥርስ ይዞ ይቆይ። መሪው ለዓመታት ተጣብቆ ኖሮ በድንገት ሲለቅ ፊት ላይ ነው የሚመጣው።

ኩሽኔታውን ከዘንጉ ጋር የሚያገጥመው የፕላስቲክ ቀለበት ተሰባብሮ ነበር። ስብርባሪው ከድሮው ግሪስና ከቀይ አቧራ ጋር ተቀላቅሎ የጀበና አተላ መስሏል። ዘንጉ ቱቦው ውስጥ ያለ ደጋፊ ነበር የቆመው። ዳሽቦርዱ ስር ቱቦውን የሚይዙት ብሎኖችም በእጅ ይዞራሉ። የኳ ኳው ምክንያት ተገኘ።

እዚህ ላይ አቋሜን በግልጽ ልናገር። እኛ አገር የጠፋ እቃ ቶርኖ ቤት ይቀረጻል፣ ጥሩ ልምድ ነው። ግን ሁሉም እቃ አይቀረጽም። የላይኛውን ቀለበት ቶርኖ ቤት በናይለን አስቀርጫለሁ፣ ምንም ቅር አላለኝም። የእሱ ስራ ዘንጉን መሃል ላይ መያዝ ብቻ ነው። ቢሰበር እንኳን መሪው ይንቀጠቀጣል እንጂ አይለቅም። የታችኛው ዲስክ ግን ሌላ ነው። እጃችሁን ከጎማው የሚያገናኘው እሱ ነው። ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ተቆርጦ የተሰራ ዲስክ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለጊዜው ይይዛል፣ ግን የመሪ ኃይል እንዲሸከም ተብሎ የተሰራ አይደለም። እስኪገኝ ድረስ መኪናዋ ትቁም። የእኔዋም ዲስኩ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቆማለች። የመሪ ዘንግ መበየድም እንዲሁ ነው፣ አይነካም።

ስትገጥሙ ሁሉንም ልል አድርጋችሁ ጀምሩ። የታችኛው ብረት የሳጥኑን ዘንግ በብሎን ጨብጦ ነው የሚይዘው። ዘንጉ ላይ ለዚህ ብሎን የተሰራ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። ብሎኑ በዚያ በኩል ካላለፈ ብረቱ በቦታው አልተቀመጠም ማለት ነው፣ በኋላ ሊንሸራተት ይችላል። የእጅ ባትሪ አብርታችሁ እዩት። ከዚያ ዲስኩን አስራችሁ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሩት። የትም ሳይከብድ ከዞረ የዳሽቦርዱን ብሎኖች መጨረሻ ላይ አጥብቁ። እነሱን ቀድሞ ያጠበቀ ሰው ዘንጉን አጣሞ ያስረዋል፣ አዲሱም ኩሽኔታ ብዙ አይቆይም። የመሪውን ዳዶ 50 ኒውተን ሜትር ላይ አጠበቅኩ። በመሪውና በፍሬቻው ማብሪያ መሃል ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት መተው አይረሳ፣ አለበለዚያ ይፋተጋሉ።

ለውጡን በመስመሪያ ለካሁት። መሪው ጠርዝ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ጎማው ሳይንቀሳቀስ መሪው የሚሄደውን ርቀት ማየት ነው። ለቮልስ መሪ እስከ 15 ሚሊሜትር ገደማ ይፈቀዳል። የእኔ ከዚያ እጥፍ በላይ ነበር፣ አሁን ከ15 በታች ወርዷል። የሳጥኑን ብሎን ጨርሶ አልነካሁትም። በአጋሮ መንገድ ወጣ ብዬ ሞከርኳት። ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ ከኩርባም በራሷ ትመለሳለች። ተመልሼ ብሎኖቹን ሁሉ ደግሜ ፈተሽኩ፤ አዲሱ የጎማ ዲስክ ኃይል ካረፈበት በኋላ ትንሽ ስለሚቀመጥ ይህ መደረግ አለበት።

የቀረው የግራው ቴስቲና ነው። በዚያው በጣት ፍተሻ ትንሽ ልል ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሲቀየር የጎማ አሰላለፍ መለካት የግድ ነው። ጅማ ውስጥ እንዲህ ያለ አሮጌ መኪና ተቀብሎ በትክክል የሚለካ ቤት የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።