ክንፍ ያለው ትራፊክ

ዛሬ ደብሮኛል። ከአንዲት ሴት ጋር የተኳረፍንበት ጉዳይ አላለቀም፣ እሷም አልደወለችም፣ የኔም እልህ አልበረደም። ታክሲ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀምጬ ምን ብዬ እንደምጽፍላት ሳወጣ ሳወርድ፣ መብራቱ የማይሠራ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆምን። መሀል ላይ አንድ ትራፊክ በዚያ አናት በሚበሳ ፀሐይ እጁን ዘርግቷል። ክንዱ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። ሹፌራችን ይህን እንደ ፈቃድ ቆጥሮ ሊነዳ ሲል ያ ምስኪን እጅ እንደገና ተነሳ። እኔም ያኔ ሐሳቤ ጥሎኝ ሲንጋፖር ገባ።

ምን አገናኘው አትበሉኝ። እንግሊዞች ሲንጋፖርን ይገዙ በነበረበት ዘመን የተነሱ የትራፊክ ፖሊስ ፎቶዎች አሉ፤ አንዴ ካያችኋቸው ከዓይናችሁ አይጠፉም። ፖሊሱ መንገድ መሀል ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ጀርባው ላይ ክንፍ ታስሮለታል። አልቀለድኩም! እንደ ሰፌድ ተሠርቶ የተጠለፈ፣ ረጅምና ጠባብ ነገር ነው፣ ከትከሻው ግራና ቀኝ ወጥቶ የሚታይ። በዚያ ሙቀት እጅ ዘርግቶ መዋል ስለማይቻል ክንፉ በእጅ ፋንታ ይዘረጋል። ሰውየው ገላውን ብቻ ያዞራል። የክንፉ ወርድ የታየው ይቆማል፣ ጠርዙ ብቻ የታየው ያልፋል። እጁ ነፃ ስለሆነ ላቡን ይጠርጋል፣ ካሻውም ያክካል።

ለፖሊሱ ክንድ ያሰበ ሰው ነበር ማለት ነው። ደስ ይላል። ግን እዚያው መንገድ ላይ፣ በዚያው ፀሐይ፣ ሰው የሚጎትተው ጋሪ፣ ሪክሾ የሚባለው፣ ይሮጥ ነበር። ከተማው የገባው እንደ ፈረንጆች በ1880 ነው። ጎታቾቹ አብዛኞቹ ከቻይና ለእንጀራ የመጡ ድሆች ናቸው። ለእነሱም ሕግ ወጥቶላቸዋል። በ1903 ኒል ሮድ ላይ ለጋሪዎቹ መመዝገቢያና መመርመሪያ የሚሆን ጣቢያ ተሠራላቸው፤ ሕንፃው ዛሬም አለ። የኛን ቦሎ አስቡት እንግዲህ። ጋሪው ይመረመራል፣ ጎማው ይታያል። የጎታቹን ጉልበትና ሳንባ ማን መረመረው?

መኪና ደግሞ ቀድሞ በ1896 ደርሷል። እዚያ መኪና በመንዳት የመጀመሪያዋ የሚባሉት ሴት ወይዘሮ ዴር ናቸው፣ ታርጋቸው ኤስ 1። ኤስ 1! እኛ ጋ እንደዚህ ያለ ታርጋ ያለው ሰው ቢኖር ሰላምታውንም በቀጠሮ ነበር የሚሰጠን።

እግረኛውስ? እዚህ ላይ የዘመናዊቷ ሲንጋፖር መሥራች የሚባለውን እንግሊዛዊ ራፍልስን ማመስገን ግድ ነው፣ ቅኝ ገዢም ቢሆን። በ1822 ከተማውን ሲያስነድፍ እያንዳንዱ ቤት ከፊቱ በረንዳ እንዲኖረው፣ በረንዳዎቹም ተያይዘው ሕዝብ በጥላ ሥር የሚሄድባቸው እንዲሆኑ አዘዘ። ዝናብ የለ፣ ፀሐይ የለ፣ ጋሪ የለ። ወረቀት ላይ ያምራል። ባለሱቁ ግን በረንዳውን የራሱ አድርጎ ማሰሮውንም ጆንያውንም ደረደረበት፤ ታውቁት የለ፣ የኛም ሰፈር የእግረኛ መንገድ ላይ ሶፋ ይሸጣል። በ1888 ማዘጋጃ ቤቱ በረንዳውን በግድ ላጽዳ ብሎ ሲነሳ ሱቆች ተዘጉ፣ ረብሻ ተነሳ፣ ከተማው ለቀናት ታመሰ። ለበረንዳ! መጀመሪያ ስሰማ ሳቅኩ፣ በኋላ ግን ከባለሱቁም ከእግረኛውም ጎን መቆም አማረኝ። ሰውየው ቤቱን ሲሠራ በረንዳውን በራሱ ገንዘብ ነው የሠራው፣ መንገዱ ግን የሁሉም ነው ተባለ። ለዚህ ፍርድ መስጠት እስካሁን አቅቶኛል።

ሰው የሚጎትተው ጋሪ በ1947 ተከለከለ። በዓመቱ፣ በ1948፣ ሴራንጉን ሮድ ላይ የመጀመሪያው የትራፊክ መብራት ቆመ። በሰው እግር የሚሄደው ጋሪ ሲወጣ፣ እጅ የማያስፈልገው ፖሊስ ገባ። አጋጣሚ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሁለቱ ዓመቶች እንዲህ ተጠጋግተው ሲቀመጡ ሰውነቴን ይወርረኛል።

እስካሁንም በግራ ነው የሚነዱት፣ የእንግሊዝ ቅርስ። እኛ ከግራ ወደ ቀኝ የዞርነው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው፣ ማንም ቅኝ ገዢ ሳያዘን። የዚያን ቀን ጠዋት ከቤታቸው መኪና ያስነሱትን ሰዎች አዝንላቸዋለሁ። እኔ ዛሬም መንገድ ስሻገር መጀመሪያ የማየው የተሳሳተውን አቅጣጫ ነው።

ደግሞ እኮ ይህን ሁሉ የምተነትነው መንጃ ፈቃድ የሌለኝ ሰውዬ ነኝ። ታርጋና በረንዳ ሳማርጥ ዋለሁ። አንድ ነገር ግን ማን ይንገረኝ፦ ያ ክንፍ የታሰረለት ፖሊስ መሀል ላይ ቆሞ ሳለ ድንገት ከኋላው የሚያውቀው ሰው በስሙ ቢጠራውና «አቤት» ብሎ ዘወር ቢልስ? ያ ሁሉ መኪናና ጋሪ «ተፈቀደልን» ብሎ ግር ብሎ ይነሳል?