ከእጅ መታጠቢያው ጀርባ የትኛው ቧንቧ ይቀበር፣ የትኛው ውጭ ይቅር?

ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል የእጅ መታጠቢያ ያምራል። ከሥሩ ቧንቧና ፍሌክሲብል (ተጣጣፊው የውሃ ማገናኛ) ተንዘላዝሎ ሲታይ ግን ውበቱ ይጠፋል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ሠራተኛውን «ሁሉንም ቅበረው» ይለዋል። ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። ግድግዳ ውስጥ የሚገባው በሙቀት የተበየደ ፒፒአር (ውሃ የሚያመጣው የፕላስቲክ ቧንቧ) እና በማጣበቂያ የተያያዘ ፒቪሲ (የፍሳሽ ቧንቧ) ብቻ ነው። የሚፈታና ጎማ ያለው ሁሉ፣ ማለትም ሲፎን (ሽታ የሚያግደው ጠምዛዛ የፍሳሽ ቧንቧ)፣ ፍሌክሲብልና አንግል ቫልቭ (ግድግዳው ላይ ውሃውን የሚዘጋው ትንሽ ቫልቭ)፣ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይቀራል። ጎማ ያረጃል፤ ሲያረጅ ሴራሚክ የሚሰበር ከሆነ አሠራሩ ከመነሻው ተበላሽቷል።

መጀመሪያ ግድግዳው ይታይ። በ20 ብሎኬት (ውፍረቱ 20 ሴንቲ) ላይ ለቧንቧው ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቦይ እስከ ውፍረቱ ሲሶ፣ 6 ሴንቲ ተኩል ገደማ፣ ቢገባ ችግር የለውም። አግድም የሚሄድ ቦይ ግን ከ3 ሴንቲ ብዙም ማለፍ የለበትም፤ ብሎኬቱን ጎን ለጎን ስለሚቆርጠው ግድግዳው ይደክማል። ስለዚህ ባለ 50 ሚሊ ፒቪሲ ከመታጠቢያው ሥር ቀጥ ብሎ ይውረድና አግድም ጉዞውን በወለሉ ውስጥ ይሂድ፤ ተዳፋቱ በሜትር 2 ሴንቲ ይሁን። ኮለን ካጋጠመ ፌሮ አይነካም። ግድግዳው 10 ብሎኬት ከሆነ ደግሞ አትቁረጡት። ከፊቱ 1 ሜትር ከ20 ያህል ከፍታ ያለው ሁለተኛ ግድግዳ ሥሩ። ከክፍሉ 15 ሴንቲ ገደማ ይወስድባችኋል፤ አናቱ ግን ለሳሙና ማስቀመጫ ይሆናል።

በነባር የጅማ ሰፈሮች በብዛት ያለው የጭቃ ቤት ነው። በጭቃ ግድግዳ ውስጥ የውሃ ቧንቧ ፈጽሞ አይቀበርም። ትንሽ ፍሳሽ እንጨቱን ታበሰብሳለች፣ ምስጥ ትጠራለች፤ መታጠቢያውን የሚሸከም ጥንካሬም የለውም። እዚህም መፍትሔው የብሎኬት ግድግዳ ከፊት ማቆም ነው።

ልኬቱ ሁሉ ካለቀለት ወለል ይነሳል። የመታጠቢያው አፍ 80 እስከ 85 ሴንቲ፣ የውሃ መውጫዎቹ 55፣ የፍሳሹ 50 አካባቢ። ሙቁ በግራ፣ ቀዝቃዛው በቀኝ፣ በመካከላቸው 15 ሴንቲ። ግማሽ እግር (ከመታጠቢያው ሥር ሲፎኑን የሚሸፍነውን ክፍል) የምትገጥሙ ከሆነ ግን ቦይ ከመቁረጣችሁ በፊት እግሩን ገዝታችሁ የውስጥ ስፋቱን ለኩ። አንግል ቫልቩ የሚገባበት፣ ውስጡ ጥርስ ያለው ኤልቦ (የቧንቧ ክርን) አፉ ከሴራሚኩ ፊት እኩል መሆን አለበት። ልስኑ 2 ሴንቲ፣ ማጣበቂያውና ሴራሚኩ ሌላ 1 ሴንቲ ተኩል ገደማ ስለሚሆኑ፣ ከብሎኬቱ 3 ሴንቲ ተኩል ያህል ይውጣ። ወደ ውስጥ ከቀረ ማራዘሚያ ይፈልጋል፤ አብዝቶ ከወጣ የቫልቩ ክብ ሽፋን ግድግዳው ላይ አይተኛም።

ባለ 20 ሚሊ ፒፒአር በብየዳ ማሽን በ260 ዲግሪ 5 ሰከንድ ይሞቃል፣ ሳይዞር ቀጥ ብሎ ይገባል፣ 2 ደቂቃ ሳይነካ ይቀዘቅዛል። አብዝቶ ከተገፋ ውስጡ ቀለበት ሠርቶ የውሃውን መንገድ ያጠባል። መብራት ጠፍቶ ከመጣ ማሽኑ እንደገና እስኪግል ጠብቁ፤ ለብ ባለ ማሽን የተበየደ መገጣጠሚያ ዛሬ ይይዝና ቆይቶ ያንጠባጥባል።

ቦዮቹ ከመደፈናቸው በፊት መስመሩ ይፈተን። በጣሪያ ሮቶ መፈተን አይበቃም፤ ሮቶው 6 ሜትር ከፍ ቢል ግፊቱ 0.6 ባር ብቻ ነው፣ ደካማ ብየዳ አያጋልጥም። አየሩን አስወጥታችሁ በእጅ ፓምፕ 10 ባር ሙሉና ቢያንስ አንድ ሰዓት አቆዩት። ፒፒአር መጀመሪያ ስለሚለጠጥ የግፊት መለኪያው መርፌ በጥቂቱ ቢወርድ አትደንግጡ፣ እንደገና ሙሉት። ደግሞ ከወረደ ግን ፍሳሽ አለ። ጅማ ዝናቧ ብዙ ወራት ስለሚቆይ ግድግዳ ላይ የታየ እርጥበት ሁሉ በዝናብ ይሳበባል፤ የተቀበረ ፍሳሽ እንደዚያ ተሸፍኖ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ከፈተናው በኋላ፣ ቦዮቹ ሳይደፈኑ፣ ሜትር አስጠግታችሁ ቧንቧዎቹን ፎቶ አንሱ፣ መስታወት ለመስቀል የሚበሳ ሰው ቧንቧውን እንዳያገኘው።

የመታጠቢያው ብሎኖች የሚገቡበት የብሎኬት ቀዳዳ ከልስኑ በፊት በኮንክሪት ይሞላ። ባዶ ብሎኬት ላይ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ) አይይዝም፣ ሰው ሲደገፍ ይነቀላል። ግማሽ እግሩን ደግሞ በነጭ ሲሚንቶ አትለጥፉት፤ ሲፎኑ ሲደፈን መስበር ይመጣል። በራሱ ብሎን እሰሩት፣ ጠርዙን በቀጭን ሲሊኮን ዝጉት፤ በቢላ ተቆርጦ ሳይሰበር ይወጣል።