ለሥነ ጽሑፍ አንባቢ የመጀመሪያው የሳይበርፐንክ ልብ ወለድ

ደብረ ብርሃን ውስጥ መጽሐፍ ከምንዋዋሳቸው ሰዎች አንዱ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ንና «አደፍርስ»ን ምዕራፍ እየጠቀሱ የሚያወሩ፣ እንግሊዝኛም ለማንበብ የማይሰንፉ ሰው ናቸው። በቅርቡ «እስቲ ሳይበርፐንክ ከምትሉት አንድ መጽሐፍ ምረጥልኝ፤ ብቻ ተኩስና ሩጫ ብቻ እንዳይሆን» አሉኝ። ሳይበርፐንክ ኮምፒዩተርና ግዙፍ ኩባንያዎች የሰውን ኑሮ በሚገዙበት ዓለም የሚተረክ የሳይንስ ልብ ወለድ ዘርፍ ነው። ጥያቄው የብዙ አንባቢዎች ስለሆነ መልሱን ሰፋ አድርጌ መጻፍ ፈለግሁ።

ምርጫዬ እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመው የዊልያም ጊብሰን «ኒውሮማንሰር» ነው። ብዙዎች ለጀማሪ ቀለል ያለውን፣ የኒል ስቲቨንሰንን «ስኖው ክራሽ» (1992) ማስቀደም ይቀናቸዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሥነ ጽሑፍ የለመደ ሰው መጽሐፍ የሚወድደው ታሪኩ ስለፈጠነለት ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩ ስለያዘው ነው፤ በዚህ መለኪያ ከተሄደ ደግሞ ቀዳሚው የጊብሰን መጽሐፍ ነው። ሂዩጎ፣ ኔቡላና ፊሊፕ ኬ. ዲክ የተባሉትን ሦስት ታላላቅ የሳይንስ ልብ ወለድ ሽልማቶች መውሰዱም የሚናቅ ነገር አይደለም፤ ይሁንና መጽሐፉን የምመርጠው በሽልማቱ አይደለም።

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ እንመልከት። ከወደቡ በላይ ያለው ሰማይ፣ ምንም በማይተላለፍበት ቻናል ላይ የተከፈተ ቴሌቪዥን ቀለም አለው ይላል። አንቴናውን በረጅም እንጨት ጫፍ አስሮ ጣሪያ ላይ እያዞረ ሥርጭት ይፈልግ የነበረ ሁሉ ያንን ግራጫ፣ ነጠብጣቡ የሚርመሰመስና የሚንሿሿ መስተዋት ያስታውሰዋል። የእኛ ከተማ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ የታየውን ብርሃን እንደ መለኮት ምልክት ተቀብለው ቤተ ክርስቲያን ያሠሩባት ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ትውፊት ውስጥ ላደገ አንባቢ ሰማይ የሚናገር፣ ምልክት የሚሰጥ ስፍራ ነው። ጊብሰን ግን ገና መጽሐፉን ሲከፍት ላኪ የሌለው ሰማይ ዘርግቶ ያሳየዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ፣ ከመንግሥት የገዘፉት ኩባንያዎች፣ በገንዘብ የሚለወጠው የሰው አካል፣ ጌታ የሌላቸው ቅጥረኞች፣ ከዚያ ባዶ ሰማይ ሥር የሚኖሩ ናቸው። በአንዲት ዓረፍተ ነገር ይህን ያህል መሥራት ከማንኛውም ታላቅ ደራሲ የምንጠብቀው ጥበብ ነው።

አዲስ አንባቢን የሚያስቸግረው መጽሐፉ ምንም ነገር አለማብራራቱ ነው። መሣሪያዎቹ፣ መድኃኒቶቹ፣ የከተማዎቹ ሰፈሮች ሁሉ አንባቢው እንደሚያውቃቸው ሆነው ይጠራሉ። ይህን ችግር ግን የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ያነበበ ሰው አስቀድሞ ቀምሶታል። እዚያም፣ በደብረ ሲና አካባቢ በሚካሄደው ታሪክ፣ ደራሲው ወደ ኋላ ሸሽቶ ገጸ ባሕርያቱ ይነጋገራሉ፤ ማን ምን እንዳለ፣ ለምን እንዳለ አንባቢው ራሱ እየለየ መሄድ አለበት። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ አርባ ገጾች መዝገበ ቃላት ሳትፈልጉ፣ ያልገባችሁን እያለፋችሁ፣ ጆሯችሁን ለዜማው ሰጥታችሁ አንብቡ። ትርጉሙ ቀስ በቀስ ይገለጣል።

ሌላው የምወድደው ነገር ስለ ሥጋ የሚለው ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኬዝ የኮምፒዩተር መረብ ውስጥ እየገባ የሚሰርቅ ወጣት ነበር፤ አሠሪዎቹን ስለሰረቀ የነርቭ ሥርዓቱን በመርዝ አበላሹበት፤ ወደ መረቡም ዳግም መግባት አቃተው። አካሉን የሚንቅ ሰው ስለነበር ይህ ለእሱ ከገነት መባረር ነው፤ በገዛ ሥጋው እስር ቤት ውስጥ እንደወደቀ ይቆጥረዋል። የደብረ ሊባኖስን ጻድቅ ገድል እየሰማን ያደግን ሰዎች ሥጋን መናቅ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። የእኛ ባሕታውያን ሥጋቸውን የሚያደክሙት ከእግዚአብሔር ጋር ለመገናኘት ነው፤ የኬዝ ናፍቆት ግን ማንም ሊቀበለው ወደማይጠብቅበት የብርሃን መረብ ለመመለስ ነው። ያንን ልዩነት እያሰብኩ ሳነብ መጽሐፉ ስለ ማሽን መሆኑ ቀርቶ ስለ ነፍስ ሆነብኝ።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃዬ ዲክሲ የተባለው ገጸ ባሕርይ ነው። ዲክሲ ሞቷል፤ እውቀቱና ጠባዩ ብቻ በማሽን ውስጥ ተቀርጾ ቀርቷል። ይቀልዳል፣ ይመክራል፣ ኬዝን ይረዳል፤ ለውለታው የሚጠይቀው ግን ሥራው ሲያልቅ እንዲያጠፉት ብቻ ነው። ተዝካሩ ወጥቶለት ማረፍ የተከለከለ ሙት ይመስለኛል። ከመጽሐፉ ሁሉ ልብን የሚነካው ይህ ነው፤ ጊብሰን ደግሞ ምንም ሳያለቅስ በጥቂት የንግግር መስመሮች ብቻ ይጨርሰዋል።

ጉድለት የለውም አልልም። የመጨረሻው ክፍል በጥድፊያ የተሞላ ነው፤ መነጽር የሚመስል መስተዋት በዓይኗ ላይ የተተከለባት፣ ከኬዝ ጋር የምትሠራው ቅጥረኛ ሞሊም ከሥራዋ ባሻገር ውስጧን እምብዛም አናይም። የሴት ገጸ ባሕርይ ውስጣዊ ሕይወት የሚያስቀድም አንባቢ፣ አሊስ ሼልደን ጄምስ ቲፕትሪ በሚል የወንድ ስም እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመችውን «የተሰካችው ልጅ» የተባለ አጭር ድርሰት ቀድሞ ቢያነብ ይሻላል። ማስታወቂያ በተከለከለበት ዓለም፣ መልክ የተነፈጋት ልጅ የአንዲት ቆንጆ አካልን ከሩቅ ሆና ስታንቀሳቅስ የሚያሳይ፣ በአንድ ምሽት የሚያልቅ፣ የሚያቆስል ሥራ ነው። የፓት ካዲገን «ሲነርስ» (1991) ግን ብዙ ገጸ ባሕርይ ስላለው ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ንባብ ይቆይ።

ከ«ኒውሮማንሰር» ቀጥሎ ለመምህሩ ያዘጋጀሁላቸው የደቡብ አፍሪካዊቷ ሎረን ቢውከስ «ሞክሲላንድ» (2008) ነው። ታሪኩ በኬፕ ታውን ይካሄዳል፤ አራት ተራኪዎች አሉት። በዚያች ከተማ ስልክ የገንዘብ ቦርሳም፣ መታወቂያም፣ ፖሊስ ሰውን በኤሌክትሪክ የሚመታበት መቅጫም ነው፤ ከመረቡ የተቆረጠ ሰው ከኑሮ ይቆረጣል። ከባሶና ወራና ገብስ ጭኖ የመጣ ገበሬ ሒሳቡን በቴሌብር በሚቀበልበት ገበያ ለሚኖር አንባቢ፣ ቶኪዮንና ኒው ዮርክን ከሚያሳዩት መጻሕፍት ይልቅ ይህ ቅርብ ነው። በቋንቋ ውበት ጊብሰንን አይደርስበትም፤ ቁጣው ግን ይበልጣል።