ጀልባችሁን ለበር በያጅ አትስጡ

ጀልባዋን ያገኘኋት ሐይቅ ከተማ፣ አንድ የቁራሌ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ተደፍታ ነው። አራት ሜትር ገደማ የምትሆን የአሉሚኒየም ጀልባ ናት። ሰውየው አቅልጠው ድስት ለሚሠሩ ሰዎች በኪሎ ሊሸጣት ሲደራደር ደረስኩ። ጀልባ ድስት ስትሆን ማየት አልቻልኩም። ገዝቼ፣ በአይሱዙ ጭኜ፣ ደሴ ግቢዬ አወረድኳት። ባለቤቴ “ደሴ ላይ ባህር ወጣ እንዴ?” አለችኝ። ሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚርቅ እኔም አልጠፋኝም።

አሮጌውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ማንሳት ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። ቀዳዳ መፈለጉ ቀላል ነው። ጀልባዋን እንጨት ላይ ከፍ አድርጋችሁ ውስጧን አንድ ስንዝር ውሃ ሙሉባት። ከታች በሚንጠባጠብበት ሁሉ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። አብዛኛው የላላ ሪቬት፣ ማለትም ላሜራዎቹን አያይዞ የያዘው የተቀጠቀጠ ምስማር፣ ነበር። ከኋላ ወንበር ሥር ደግሞ ጣት የማታክል ስንጥቅ ነበረች።

ያቺ ስንጥቅ ናት ያቃጠለችኝ።

ያየ ሁሉ “አስበይዳት” አለኝ። ሰፈራችን በርና መስኮት የሚሠራ ልጅ አለ። እጁ ወርቅ ነው፤ የግቢዬን በር የሠራው እሱ ነው። “አሉሚኒየም በይደህ ታውቃለህ?” ስለው “አብሽር ጋሼ፣ ብረት ብረት ነው” አለኝ። እኔ ሞኙ አመንኩት።

ብረት ሲግል ይቀላል፤ በያጁ ያንን አይቶ እጁን ይመልሳል። አሉሚኒየም አይቀላም። 660 ዲግሪ ሲደርስ ሳያስጠነቅቅ ቀልጦ ይወርዳል። ላዩን የሸፈነው ስስ ኦክሳይድ ግን ከ2,000 ዲግሪ በታች አይቀልጥም። ልጁ “አልይዝ አለ” እያለ እሳት ሲጨምር፣ ላዩ ሳይነካ ሥሩ ቀለጠ። ጭሱ ሲገለጥ በጀልባዋ ወለል በኩል ሣር ታየኝ። ስንጥቋ መዳፍ የምታስገባ ቀዳዳ ሆናለች። ልጁ መነጽሩን አውልቆ “ጋሼ፣ ይሄ ነገር ቅቤ ነው እንዴ?” አለ። አልሳቅኩም። ዋጋውን ግን ከፈልኩት፤ ለምን እንደከፈልኩት ዛሬም አይገባኝም።

ቀጥሎ ያለው ጥፋት የራሴ ነው። ቀዳዳውን በብረት ላሜራ ሸፍኜ፣ በብረት ቡሎን አጥብቄ፣ ዙሪያውን ሲሊኮን ቀባሁት። ክረምቱን ሙሉ ጠብታ አላስገባም። ላገኘሁት ሰው ሁሉ ጉራዬን ነዛሁ። ጥር ላይ ስፈታው በላሜራው ዙሪያ ያለው አሉሚኒየም ነጭ ዱቄት ሆኖ በጣቴ ተፈረፈረ። ብረትና አሉሚኒየም ውሃ ውስጥ ከተነካኩ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ሐይቁ ደግሞ መውጫ ወንዝ ስለሌለው ጨዉ እዚያው ይጠራቀማል። መዳብማ ከብረትም ይብሳል።

በመጨረሻ የተበላውን ቆርጬ አወጣሁ። የአሉሚኒየም መጠገኛ አደረግኩበትና ከመርካቶ ባስላክሁት ድፍን የአሉሚኒየም ሪቬት መታሁት። የእህቴ ልጅ ከጀርባ ከባድ መዶሻ ደግፎ ያዘልኝ። በየሱቁ የሚሸጠው መሐሉ ክፍት የሆነ ሪቬት ለጀልባ አይሆንም፤ ውሃ በራሱ በሪቬቱ በኩል ይገባል። ለመቅዘፊያው ግድ ብረት ቡሎን ባስፈለገኝ ቦታ፣ ብረቱና አሉሚኒየሙ እንዳይነካኩ ከጀሪካን የቆረጥኩትን ሮንዴላ ከሥሩ አስገባሁ። እስካሁን ነጭ ዱቄት አላየሁም።

አንድ የመሥሪያ ቤት ባለሙያ “የመሐሉን ወንበር አንሳው፣ ለመረብ ቦታ ይሰፋልሃል” ብሎኝ ነበር። በጨዋነት አመስግኜ ዘጋሁት። ያ ወንበር ሁለቱን ጎኖች አስሮ የያዘ ነው። ሲነሳ ጎኑ ይወዛወዛል፣ ሪቬቱም ይላላል። እኔ ይልቅ ጀልባዋ ውሃ ብትሞላ እንዳትሰጥም ከሥሩ ፎም ጠቀጠቅኩበት። ነጩን ፎም ቤንዚን እንደሚያሟሟው ግን እወቁ።

ሞተር ለሚመኝ፣ ሐይቁ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ እዚያ ላይ ያጣል። እኔ እቀዝፋለሁ።

ባለፈው እሑድ ያንን በያጅ ልጅ ይዤው ወረድኩ። ቆሮሶ ልናጠምድ ነው። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጠገኛውን ላለመርገጥ እግሩን ይሰበስባል።

“ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይይዛል?”

“አብሽር” አልኩት።