ታናት፦ አፍ የሚይዘው ቀይ ወይን

ታናትን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰ ሰው ብዙውን ጊዜ «ይመራል» ብሎ ብርጭቆውን ያስቀምጣል። ፍርዱ ችኩል ነው። ምሬት ጣዕም ነው፤ እዚህ ላይ አፍ የሚይዘው ግን ታኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ታኒን ከምራቅ ፕሮቲን ጋር ይጣበቅና አፋችንን የሚያለሰልሰውን እርጥበት ይነጥቃል። ከጉንጭታ በኋላ ምላስዎን በላይኛው ድድ ላይ ቢያንሸራትቱት ሻካራ ሆኖ የሚሰማዎት ለዚህ ነው።

ታኒኑ የሚገኘው ከወይን ፍሬው ቆዳና ዘር ነው፤ ታናት የተባለው የወይን ዝርያ ቆዳው ወፍራም ነው። ጠማቂው በመጭመቂያው አብዝቶ ተጭኖ ዘሩን ከሰባበረው ወይኑ ደረቅና ሸካራ ሆኖ ይቀራል። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በማዲራን፣ ፓትሪክ ዱኩርኖ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በወይኑ ውስጥ ኦክስጅንን በጥቂት በጥቂቱ የማስገባት ዘዴ ያወጣው ይህንኑ ታኒን ለማለስለስ ነው። የባስክ (በፈረንሳይና በስፔን ድንበር ያለ አካባቢ) ተወላጁ ፓስኳል ሃሪያግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስፋፋው የኡራጓይ ታናት ብዙውን ጊዜ ለስለስ ይላል፤ ለጀማሪ የምመርጠው እሱን ነው።

ከሁሉ በላይ ወይኑን የሚያበላሸው ቅዝቃዜ ነው። ከ14 ዲግሪ በታች ከሆነ ታኒኑ ይከርራል፣ የፍሬው መዓዛም ይዘጋል። ከ20 ካለፈ ደግሞ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል። 17 አካባቢ ልኩ ነው።

ወጣት ታናት አየር ይፈልጋል። ሰፊ አፍ ባለው ማሰሮ ገልብጠው ከ1 እስከ 2 ሰዓት ያቆዩት፤ በየግማሽ ሰዓቱም ይቅመሱት። ጠርሙሱን ከፍቶ ማስቀመጥ ብቻውን ፋይዳ የለውም፤ በጠባቡ አንገት የሚገባው አየር ኢምንት ነው። ያረጀውን ግን እንዲህ አያንገላቱት። አንድ ቀን ቀጥ አድርገው አቁመው ዝቃጩን ያስረጉ፤ ከዚያ ከአንገቱ ሥር መብራት ይዘው በዝግታ ይቅዱ። ጥቁር ክር የመሰለው ዝቃጭ አንገቱ ጋ ሲደርስ ያቁሙ።

ባዶ አፍ ለታናት አይሆንም። የማዲራን ሰዎች በራሱ ስብ ከበሰለ ዳክዬ ጋር፣ ኡራጓዮች በፍም ከተጠበሰ የበሬ ሥጋ ጋር ይጠጡታል፤ ታኒኑ ከምራቅ ይልቅ የሥጋውን ፕሮቲን ይይዛል፣ ጨውና ስቡም ያለዝበዋል። ከሚያቃጥል ምግብ ያርቁት፤ ቃጠሎውን ያባብሰዋል። ቅባት ካለው ዓሣ ጋር ደግሞ አፍ ውስጥ ብረት ብረት የሚል ጣዕም ይተዋል።

የተረፈውን ከድነው ማቀዝቀዣ ውስጥ ካስገቡት 3 ቀን ያህል ይቆያል፤ አንዳንዱ ታናት በ2ኛው ቀን ጭራሽ ይጣፍጣል። ከመጠጣትዎ 1 ሰዓት ቀደም ብለው ማውጣትዎን ብቻ አይርሱ።