ወፍ ዘራሾቼ

ለሦስት ዓመት ያህል አበቦቼን በገዛ እጄ ስነቅል ኖሬያለሁ። አረም መስለውኝ ነው። መደቡ ጥርት ካላለ ደስ አይለኝም ነበር። ከዚያ ደግሞ ችግኝ ልገዛ እሄዳለሁ። ያውም የነቀልኩትኑ ዓይነት!

አንድ ቀን አኩሊጂያ ከምትባለው አበባዬ ሥር ተንበርክኬ ስኮተኩት አንዲት ትንሽ ቅጠል እጄ ላይ ቀረች። ጠርዟ ክብ ክብ፣ ሦስት ቦታ የተከፈለች። ቀና ብዬ ትልቋን አየሁ። ቁርጥ እናቷን! ዙሪያውን ሳይ ሃያ የሚሆኑ ልጆቿ ተኮልኩለዋል። ወፍ ዘራሽ እንላቸዋለን እንጂ ወፏ እዚህ የለችበትም። የዘሩ ከረጢት ሲደርቅ ከላይ ይከፈታል፣ ነፋስ ሲያወዛውዘው ዘሩ እዚያው ሥሩ ይረግፋል።

ከዚያ ወዲህ ሳላጣራ አልነቅልም። መጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ቅጠሎች ብዙም አይናገሩም፤ የብዙው ተክል ይመሳሰላል። የእናትየውን መልክ የሚይዙት ቀጥለው የሚመጡት ናቸው። ስለዚህ ከጎኗ እንጨት ሰክቼ እጠብቃለሁ። መልኳ ካልለየልኝ እዳስሳታለሁ፤ ኢኪናሲያ የምትባለው አበባ ቅጠሏ ሻካራ ነው። ላቬንደር ከሆነች ደግሞ ቅጠሏን አሸት ሳደርጋት ሽታዋ ያጋልጣታል። ብዙ ጊዜ የማገኛቸው በድንጋይ ስንጥቅና በጠጠሩ መንገድ ዳር ነው። አፈሩ በወፍራም ጉዝጓዝ በተሸፈነበት ቦታ ግን እምብዛም አይበቅሉም። የአኩሊጂያ ዘር ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ማዛወሬ ግፍ ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ ግንዳቸውን ይዤ ጎትቼ፣ ሥራቸውን አራቁቼ ተከልኳቸው። ከአሥራ ሁለት የተረፈችው አንዲት ናት። በሌላ ጊዜ ደግሞ «ትንሽ ትጠንክር» ብዬ ሁለት ዓመት የተውኳትን ቆፈርኩ። ዋናው ሥሯ እንደ ካሮት ወደ ታች ወርዶ ኖሮ፣ መሃል ላይ ቀጭ አለ። አለቀላት።

አሁን አራት እስከ ስድስት ቅጠል ሲያወጡ ነው የማነሳቸው። በዋዜማው አጠጣቸዋለሁ። በማግስቱ ወደ ማታ ወይም ሰማዩ ሲዳምን በሾርባ ማንኪያ ከነአፈራቸው አወጣቸዋለሁ። የገዛሁት መሣሪያ ሁሉ እንደ ማንኪያዋ አልሆነልኝም። የምይዘው ቅጠላቸውን ነው። ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ይወጣል፤ ግንዱ ከተሰበረ ግን ምትክ የለውም። በነበሩበት ጥልቀት እተክላቸዋለሁ፣ ቅጠሎቹ የሚወጡበት እምብርታቸው አፈር ከገባ ይበሰብሳል። ከዚያ ለሦስትና አራት ቀን ቅርጫት ደፍቼ ጥላ አደርግላቸዋለሁ። ቢጠወልጉ አልደነግጥም፤ ጠዋት ቀና ይላሉ።

አበባ ወዲያው የጠበቀ ሰው ይናደዳል። በመጀመሪያው ዓመት አብዛኞቹ ቅጠል ብቻ ናቸው። በሁለተኛው ሲያብቡልኝ ደግሞ እናትየዋ ወይን ጠጅ ሆና አንዷ ሐምራዊ፣ አንዷ ነጣ ያለች ሆነች። ንቦቹ ከሌላ አኩሊጂያ ጋር አዳቅለዋቸው ነው። እኔ ይሄ ነገር ይስበኛል። የግድ ያንኑ ቀለም የሚፈልግ ግን በዘር ባይተማመን ይሻለዋል። እንደ ዴዚ ያለውን አበባ ሥሩን ከፍሎ መትከል ይችላል።

ዘር እንዲኖር የደረቀውን አበባ ሁሉ አለመቁረጥ ነው። ቤት ውስጥ ግን «ይሄ እኮ ደረቀ፣ አይቆረጥም?» የሚለኝ አይጠፋም። ደግሞም ሁሉንም ላሳድግ ብል ቦታው አይበቃም። የተጠጋጉትን አሳሳለሁ፣ የተረፈውን ለሰው እሰጣለሁ።

አምና ከደረጃው ሥር አንዲት የማላውቃት በቀለች። እንጨት ሰካሁላት፣ ጥላ ሠራሁላት፣ ሁለት ወር ሙሉ ውሃ ሳጠጣት ከረምኩ። የለየላት አረም ሆና አረፈችው።