«እንስማማ» ከማለታችሁ በፊት ፕላን ይነሳ

ጅማ ውስጥ ሁለት መኪና ሲነካካ ከትራፊክ ፖሊስ ቀድሞ ሽማግሌ ይደርሳል። ፈረንጅ አራዳም ሆነ መርካቶ ያው ነው። አንዱ «ተዉት በቃ፣ ሰው ተርፏል» ይላል፣ ሌላው ዋጋ ይቆርጣል፣ ብር ከኪስ ወደ ኪስ ይሄዳል፣ መንገዱም ይከፈታል። ለተፋቀ ቀለም ይሄ ግልግል ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ሰው ሲጎዳ ግን አይሰራም፤ መጀመሪያ ትራፊክ ፖሊስ ፕላን፣ ማለትም የአደጋውን ቦታ ንድፍ፣ ማንሳት አለበት።

ባለፈው ክረምት የሰፈራችንን አንዲት እናት ባጃጅ ገጫቸው። ዝናቡ ይወርዳል፣ እሳቸው ጭቃውን ከነጠላቸው ላይ እየጠረጉ «ደህና ነኝ ልጄ፣ ሂድ» ይሉታል። ሹፌሩ ደንግጦ ለመድኃኒት ብሎ ትንሽ ብር ሰጣቸውና ሄደ። ማታ ጉልበታቸው አብጦ መቆም አቃታቸው፣ ሲታዩ ስብራት ነው። ባለባጃጁ ተፈልጎ ሲገኝ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እኔ አልነዳሁም፣ ሹፌሩን ጠይቁት።»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ነው የሚይዘው፣ ማንም ይንዳው ማን። ባጃጁ ተሰርቆ እንደነበር ካላስረዳ በስተቀር «አልነዳሁም» አያድነውም። ባጃጅ ገዝታችሁ በቀን ገቢ ለሹፌር የሰጣችሁ ሰዎች ይቺን በደንብ ስሟት።

የሶስተኛ ወገን መድንም፣ ማለትም መኪናችሁ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚከፍለው ኢንሹራንስ፣ በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ነው። ብዙዎቻችን ለቦሎ ብለን የምንገዛት ወረቀት ናት፣ ስቲከሩን መስታወት ላይ ለጥፈን እንረሳታለን። የራሳችሁን መኪና አታሰራም፤ ለዚያ ሙሉ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። ጣሪያም አላት። አዋጁ ሲወጣ ለሞት ካሳ ከ5 ሺህ እስከ 40 ሺህ፣ ለንብረት ጉዳት እስከ 100 ሺህ ብር ነበር ያስቀመጠው። ፍርድ ቤት ከጣሪያው በላይ ከወሰነ ልዩነቱ ከባለቤቱ ኪስ ነው የሚወጣው።

ገጭቶ ያመለጠ ወይም ጭራሽ ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ከሆነስ? ለዚህ ተብሎ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ፣ ለተጎጂው ካሳ ይከፍላል። አስቸኳይ ሕክምናም የተጎጂው መብት ነው፣ ጤና ተቋሙ «መጀመሪያ ገንዘብ» ብሎ ሊመልሰው አይችልም። ይሄን የሚያውቅ ሰው ማነሱ ያናድደኛል።

ሁሉም ግን ከፖሊስ መዝገብ ይጀምራል። ሹፌር ከሆናችሁ ቁሙ፣ የተጎዳውን እርዱ፣ ፖሊስ ጥሩ። ጥሎ መሄድ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ፕላን እስኪያነሳ መኪናውን አታንቀሳቅሱ፣ ኋላ ያለው ሰው ክላክስ ቢያቀልጠውም። እስከዚያው በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፦ ታርጋ፣ የጎማ ምልክት፣ የኢንሹራንሱ ስቲከር። ፕላን ከሌለ ሁለት መኪና ሲጋጭ የሚመጣው ጣጣ ደግሞ ይሄ ነው፦ አንቀጽ 2084 ሁለቱም እኩል አጥፍተዋል ብሎ ይነሳል፣ የጉዳቱንም ግማሽ ግማሽ ያካፍላል። ጥፋቱ የሌላው መሆኑን ማስረዳት የእናንተ ሥራ ነው። መንገዱ ከተጠረገ በኋላ በምን ታስረዳላችሁ?

ለኢንሹራንሳችሁም በዚያው ቀን ደውሉ። ሳትነግሩት «ጥፋተኛ ነኝ፣ እከፍላለሁ» ብላችሁ እንዳትፈርሙ፣ ውሉን ብታነቡት አብዛኛውን ጊዜ ይከለክላል። ተጎጂ ከሆናችሁ ደግሞ የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፣ ከዚያ ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ ይርጋ ያግደዋል።